የልጆች የሕዝብ መጫወቻ ስፍራ፦ በአዲስ አበባና በቂሊንጦ

የልጆች የሕዝብ መጫወቻ ስፍራ ልጆች በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ገብተው እንዲጫወቱበት የተመደበ፣ የተደለደለ፣ አብዛኛውንም ጊዜ እንደ ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴና መንጠላጠያ ያሉ ቋሚ መሣሪያዎች የተተከሉበት ክፍት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ዓይነቱ ስፍራ በሦስት መልክ ይገኛል፤ እነርሱም በአጥር የተከለሉ መናፈሻዎች ውስጥ ያለው፣ በመንገድ ዳርና በአደባባዮች አካባቢ የተሠራው፣ እንዲሁም በጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ያለው ናቸው። ስለ መጫወቻ ስፍራ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በመሣሪያዎቹ ላይ ያተኮረ ቢሆንም፣ በተለይ እንደ ቂሊንጦ ባሉ የከተማዋ ዳር ሰፈሮች የስፍራውን ደህንነትና አካታችነት የሚወስኑት ከመሣሪያው በታች ያለው አፈር፣ ወደ ስፍራው የሚያደርሰው መንገድና ስፍራውን የሚጠብቀው አካል ናቸው።

ስያሜ

«መጫወቻ» የሚለው ቃል «ተጫወተ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ የመጫወቻ ቦታን ብቻ ሳይሆን የመጫወቻ ዕቃንም ስለሚያመለክት በመደበኛ ጽሑፍ «ስፍራ» ወይም «ሜዳ» ታክሎበት ይጻፋል። በአማርኛ «ጨዋታ» የልጆችን ሩጫና ዝላይ ብቻ ሳይሆን የአዋቂዎችን ወግም የሚያጠቃልል በመሆኑ፣ እንግዳ «ተጫወቱ» ሲባል ዘና ብሎ እንዲያወጋ መጋበዙ ነው። «ሸርተቴ» «ተንሸራተተ» ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ የብረትና የፕላስቲክ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ልጆች በሣር ወይም በጭቃ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተቱትን ጨዋታ ያመለክት እንደነበር ይገመታል። «ዥዋዥዌ»ም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በገመድ ለሚሠራው መወዛወዣ የቆየ ስም ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ከውጭ የገቡ ቢሆኑም ስሞቻቸው ከአገሬው ጨዋታ የተወረሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

አመጣጥ

የመጀመሪያው የሕዝብ መጫወቻ ስፍራ የት እንደተሠራ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም በአብዛኛው «መጫወቻ ስፍራ» ለሚለው ስያሜ ከሚሰጡት ትርጉም የመነጨ ይመስላል። ለሰውነት ማጠንከሪያ የተሠራን የውጭ ሜዳ እንደ መጀመሪያ የሚቆጥሩ ጸሐፊዎች ወደ ጀርመን ይመለከታሉ። በዚያ ጉትስ ሙትስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሽኔፕፈንታል ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በደጅ ያሠለጥን የነበረ ሲሆን፣ ፍሪድሪሽ ሉድቪግ ያን ደግሞ በ1811 እ.ኤ.አ. በበርሊን ሃዘንሃይደ ለወጣቶች የሥልጠና ሜዳ ከፍቷል። ይሁንና እነዚህ ሜዳዎች ከትንንሽ ልጆች ጨዋታ ይልቅ ለወጣቶች ሥልጠና የታሰቡ ነበሩ።

ሌሎች ጸሐፊዎች መነሻውን በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ያገኙታል። በብዙ አጫጭር ጽሑፎች ላይ የሚደጋገመው ዓመት 1859 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን በዚያው አካባቢ በነሐሴ ወር 1846 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን የተከፈቱት ሦስት የሕዝብ መናፈሻዎች፣ ማለትም ኩዊንስ ፓርክ፣ ፊሊፕስ ፓርክና የሳልፎርዱ ፒል ፓርክ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለጨዋታ የተለየ ቦታ ስለነበራቸው የ1859ኙ ዓመት ቀዳሚነት አጠያያቂ ይሆናል። በእነዚያ መናፈሻዎች የወንዶችና የሴቶች ልጆች መጫወቻ ለየብቻ መከለሉም፣ ስፍራው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ከጅምሩ የዲዛይን አካል እንደነበረ ያሳያል።

ሦስተኛው ወገን አሸዋን መነሻ ያደርጋል። በበርሊን መናፈሻዎች ለልጆች የሚከመረውን አሸዋ ያየችው ሐኪም ማሪ ዛክርዜውስካ ሐሳቡን ወደ ቦስተን እንዳስተላለፈች፣ በዚያም በ1885 እ.ኤ.አ. ወይም በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያው «የአሸዋ አትክልት ስፍራ» በአንድ የጸሎት ቤት ግቢ እንደተከፈተ ይነገራል። የኒው ዮርኩ ሴዋርድ ፓርክ ደግሞ በ1903 እ.ኤ.አ. በከተማ አስተዳደር የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ የአሜሪካ መጫወቻ ስፍራ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ይጠቀሳል። ዛሬ በየቦታው የሚታየው የብረት መንጠላጠያ ሴባስቲያን ሂንተን በ1923 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው የፈጠራ መብት ይታወቃል። ዥዋዥዌና ሸርተቴን በፋብሪካ ደረጃ በማምረት ካስፋፉት ቀደምቶች መካከልም እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊክስቲድ ይገኝበታል።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሁለት የአውሮፓ ሙከራዎች ለአዲስ አበባ ዳርቻዎች ቅርበት ስላላቸው ትኩረት ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የዴንማርኩ መልክዓ ምድር ነዳፊ ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ያመነጨውና በ1943 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ኤምድሩፕ የተከፈተው የውዳቂ መጫወቻ ነው። ሶረንሰን ልጆች በተሠራላቸው ሜዳ ከመጫወት ይልቅ በግንባታ ቦታ ባለ እንጨትና ጡብ መጫወትን እንደሚመርጡ ስላስተዋለ፣ በአንድ አዋቂ ጠባቂነት ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩበትና የሚያፈርሱበት ቦታ አዘጋጀ። ሁለተኛው የኔዘርላንዱ አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ ሥራ ነው። ቫን አይክ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 1978 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ከ700 በላይ ትንንሽ መጫወቻዎችን ሲነድፍ፣ በሕንፃዎች መካከል የቀሩ ባዶ ቦታዎችን በአሸዋ ሳጥን፣ በዝቅተኛ ድንጋዮችና በቀላል የብረት ቅስቶች ይሞላ ነበር። መሣሪያዎቹ ጥቂትና ቀላል፣ ስፍራዎቹም በአብዛኛው አጥር አልባ ስለነበሩ ከልጆች ሌላ የሰፈሩ ነዋሪም ይጠቀምባቸው ነበር።

በአዲስ አበባ

በከተማዋ የልጅነት ጨዋታ ለረጅም ጊዜ የተካሄደው ለጨዋታ ተብሎ ባልተሠራ ቦታ ነው። ሰኞ ማክሰኞ በመሬት ላይ በሚሰመር መስመር፣ ብይና ቆርኪ በደልዳላ አፈር፣ ሱዚና ገመድ ዝላይ በጠባብ ግቢ፣ እቃ እቃ በጥግ፣ ድብብቆሽ በሰፈሩ ሁሉ፣ የጨርቅ ኳስ ደግሞ መኪና በማይበዛበት ኮብልስቶን ላይ ይካሄዳል። ትላልቅ ክፍት ሜዳዎች በበኩላቸው ብዙ አገልግሎት ይደራረብባቸዋል። ጃንሜዳ የጥምቀት በዓል ማክበሪያና የስፖርት ሜዳ ሆኖ ሲኖር፣ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደ እርሱ መዛወሩ ክፍት ቦታ በችግር ጊዜ ለሌላ ጥቅም ምን ያህል ቶሎ እንደሚውል ያሳያል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንድነት ፓርክ፣ የወዳጅነት ፓርክና የእንጦጦ ፓርክ በተከታታይ ሲከፈቱ የተደራጀ የልጆች መጫወቻ በከተማዋ መሃልና ሰሜን በስፋት መታየት ጀምሯል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም ከእግረኛና ከብስክሌት መንገዶች ጋር የልጆች መጫወቻዎችን አካቷል። የከተማ አስተዳደሩ የቀዳማይ ልጅነት መርሐ ግብር አዲስ አበባን ለልጆች ማሳደጊያ ምቹ ከተማ የማድረግ ዓላማ ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ ከአጋሮቹ አንዱ በቀድሞ ስሙ በርናርድ ቫን ሊር የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት «ኧርባን 95» በሚል ስያሜ የሚያራምደው አስተሳሰብ ከተማን ከ95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአንድ ጤናማ የ3 ዓመት ልጅ ቁመት፣ መመልከትን ይጠይቃል። ከዚያ ከፍታ ሲታይ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ደረጃ፣ የቆመ መኪናም ግድግዳ ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ ግንባታ ሳያስፈልገው የተመረጡ መንገዶችን በወሩ በአንድ እሑድ ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ በማድረግ ልጆች ኳስ እንዲጫወቱበትና ብስክሌት እንዲነዱበት ከፍቷል። መጫወቻ ስፍራ ቋሚ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የተወሰነ ሰዓትም ሊሆን እንደሚችል ስላሳየ በዚህ ርዕስ ሥር ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ቂሊንጦ

ቂሊንጦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ አካባቢ ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት የእርሻ ምድር የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የሃይኒከን ቢራ ፋብሪካ፣ ለመድኃኒት ምርት የተመደበው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ማረሚያ ቤትና በርካታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይገኙበታል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድም ከአካባቢው ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የአካባቢው ልጅ በአንድ በኩል ሰፊ ክፍት መሬት፣ በሌላ በኩል የጭነት መኪና የሚበዛባቸው መንገዶች ያጋጥሙታል፤ መሬቱ ሰፊ መሆኑም ብቻውን መጫወቻ አያደርገውም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየሞቹ፣ በብሎኮች መካከል ክፍት ቦታ እንዲኖራቸው ተደርገው የተነደፉ ናቸው። በዚህ ቦታ ላይ ልብስ ይሰጣል፣ በርበሬ ይሰጣል፣ መኪና ይቆማል፣ የውሃ ሮቶ ይቀመጣል፣ በዓል ሲደርስ በግ ይታረዳል። ለነዋሪዎች የጋራ አገልግሎት የተሠራው ኮሚናል የሚባለው ሕንፃም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ከሁሉ በላይ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር ድንኳን የሚተከለው በዚሁ ቦታ ስለሆነ፣ የመጫወቻ ነዳፊ የድንኳኑን ጉዳይ ሳያነሣ መሣሪያ መትከል አይበጀውም። በመሃል የተተከለ ሸርተቴ ድንኳን ሲያሰናክል ነዋሪው መሣሪያውን እንደ ባዕድ ያየዋል፤ መሣሪያዎቹ በአንድ ጥግ ተሰብስበው መሃሉ ሲለቀቅ ግን ያው ሜዳ በሥራ ቀን የኳስና የሰኞ ማክሰኞ፣ በኀዘን ቀን የእድሩ ይሆናል። ይህ ከቫን አይክ አሠራር ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ሕንፃዎቹ ከፍ ያሉ በመሆናቸው በተለይ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ከመስኮት ሆነው ሊያዩት የሚችሉት ቦታ ይህ ብቻ መሆኑ ክብደቱን ይጨምረዋል።

የመሬትና የውሃ ጉዳይ

የአቃቂ ሜዳ በአብዛኛው መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው፣ በግንባታ ባለሙያዎች ዘንድ ደግሞ ብላክ ኮተን ተብሎ በሚታወቀው ጥቁር ሸክላ አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ በቀጥታ የተተከለ የዥዋዥዌ ቋሚ ከጥቂት ወቅቶች በኋላ ሊያዘነብል፣ የፈሰሰ ኮንክሪትም ሊሰነጠቅ፣ የጎማ ምንጣፍም ሊጎረብጥ ይችላል። የተለመደው መፍትሔ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣት፣ በምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል የሚባለውን የተመረጠ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት፣ እንዲሁም ውሃው ከመሠረቱ እንዲርቅ በዙሪያው የማፋሰሻ ቦይ መሥራት ነው። ወጪው ከዓይን ስለሚሰወር በበጀት ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ሥራ መሆኑ አያስገርምም።

በክረምት ለግንባታ ወይም ለድንጋይ ማውጫ ተቆፍረው የተተዉ ጉድጓዶች በውሃ ሲሞሉ ለልጆች ሞት ምክንያት ስለሚሆኑ፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየዓመቱ የክረምት ወራት ወላጆችንና አሠሪዎችን ያስጠነቅቃል። የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ የተበከለ በመሆኑም የወንዝ ዳር ጨዋታ ሌላ አደጋ አለው። ከዚህ አንጻር መጫወቻ ስፍራ መሥራት ልጆችን ከእነዚህ ቦታዎች የሚያርቅ የደህንነት እርምጃ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

የመሣሪያዎች ደህንነት

በዓለም በስፋት የሚጠቀሱት ደረጃዎች በመጀመሪያ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጡት የአውሮፓ ደረጃዎች ኢኤን 1176 እና ኢኤን 1177 ናቸው፤ የመጀመሪያው መሣሪያውን፣ ሁለተኛው የመውደቂያውን ወለል ይመለከታል። በእነዚህ መሠረት ልጅ ሊወድቅ የሚችልበት ከፍታ ከ3 ሜትር አይበልጥም፣ በመሣሪያው ዙሪያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ባዶ የመውደቂያ ስፍራ ይተዋል፣ በአንድ የዥዋዥዌ ክፍል ውስጥም ከሁለት መቀመጫ በላይ አይንጠለጠልም። የልጅ አካል የሚያልፍበት፣ ጭንቅላቱ ግን የሚቀረቀርበት ክፍተት ለሕይወት አስጊ ስለሆነ፣ ከ89 ሚሊ ሜትር በላይና ከ230 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ዝግ ክፍተት እንዳይኖር ይደረጋል። ይህ ልክ የደረጃ መደገፊያ ወይም የበረንዳ ብረት ለሚበይድ የሰፈር ብየዳ ቤትም ሊጠቅም የሚችል ነው።

መውደቂያው ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ከሆነ ዝቅተኛ መሣሪያ እንኳ አደገኛ ይሆናል። አሸዋ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ እስከ 2 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት፣ በእግር እየተገፋ ስለሚሸሽም ተጨማሪ 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። አሸዋ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም ውሻና ድመት ስለሚያቆሽሹት፣ ዝናብም ስለሚጠርገው በየጊዜው ይበጠራል፣ ይሞላል።

የቆርቆሮ ሸርተቴ በበጋ ፀሐይ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስለምትገኝና በደረቁ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ የሸርተቴው መውረጃ ወደ ሰሜን ቢዞርና ጥላ ቢኖረው ይመረጣል። የባሕር ዛፍ አጣና በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ስንጥሩ እጅ ይወጋል። ያረጀ የመኪና ጎማ ለመወጣጫና ለመቀመጫ በርካሽ ያገለግላል፤ ውሃ እንዳያቁር ግን ይበሳል፣ ሽቦው የወጣውም ይጣላል። ቀለምን በተመለከተ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ዕፀዋትም ይመረጣሉ። ግራር፣ ወይራና ግራቪሊያ ጥላ ይሰጣሉ። በአንጻሩ በባዶ ቦታ ራሳቸውን ችለው የሚበቅሉት ጉሎና አስተናግር ፍሬያቸው መርዛም ስለሆነ ይነቀላሉ፤ ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብም ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ከልጆች ይርቃል።

አካታችነት

አካታች መጫወቻ ማለት አካል ጉዳተኛ ልጅ የሚመለከተው ሳይሆን የሚጫወትበት ስፍራ ነው። ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ጥግ ማዘጋጀት ይህን ፍቺ አያሟላም። በተግባር ዊልቸር የሚያልፍበት ጠንካራና ደልዳላ መንገድ ከበሩ እስከ መሣሪያው ድረስ ሳይቋረጥ መዝለቅ፣ መወጣጫው በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ አለመነሣት፣ ሽክርክሪቱ ከመሬት እኩል መሆን፣ ከዥዋዥዌዎቹ ቢያንስ አንዱ መደገፊያና ማሰሪያ ያለው መሆን ይጠበቅበታል። ለማየት ለሚቸገሩ ልጆች የሚደወል፣ የሚንኳኳና በእጅ የሚዳሰስ መሣሪያ፣ እንዲሁም የደረጃ ጠርዝን የሚለይ ደማቅ ቀለም ይጠቅማል። በቂሊንጦ ዓይነት ሰፈር ግን ዊልቸርን ቀድሞ የሚያቆመው መሣሪያው ሳይሆን የክረምቱ ጭቃ፣ ክዳን አልባ ቦይና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው።

የኦቲዝም ተጠቂ ልጆች ጫጫታ ሲበዛባቸው ፈቀቅ የሚሉበት ጸጥ ያለ ጥግ ይፈልጋሉ። በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም የነበረው ዝምታ መሰበር የጀመረው በዋነኛነት በዘሚ የኑስ በተመሠረተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከል ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከሰው ዓይን ይሰውሩ እንደነበር ይታወቃል። ስለሆነም አካታች ስፍራ ልጁን ብቻ ሳይሆን ይዛው የምትወጣውን እናትም ከአፍጣጭ ዓይን መጠበቅ ይኖርበታል።

የሴት ልጆች ጉዳይ በቪየና ከተማ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት ጎልቶ ወጥቷል። ጥናቱ ሴት ልጆች 9 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከመናፈሻ እንደሚቀሩ ስላሳየ፣ ከተማዋ ሁለት መናፈሻዎችን በ1999 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ አሠርታለች። በአዲስ አበባ የኳስ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ሲሆን፣ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ የሚፈልጉት ግን ጥቂት ካሬ ሜትር ጠንካራ ወለል ብቻ ስለሆነ ከሜዳው የተለየ ትንሽ ንጣፍና መቀመጫ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ታናናሾቻቸውን አዝለው ወይም ይዘው የሚወጡ ልጃገረዶች ስለሚበዙም የታዳጊዎችና የሕፃናት ክፍል በቅርብ ርቀት፣ በዓይን የሚተያይ ሆኖ ቢሠራ ይመከራል።

የሕግ መሠረት

በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት ያውቃል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር አንቀጽ 12 ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 ደግሞ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር እኩል እንዲጫወቱ ያዛል፤ ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል፤ አዋጁ የሕንፃ ስለሆነ ግን ክፍት መጫወቻን በቀጥታ አይመለከትም። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶውን ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የመደበ ሲሆን፣ መጫወቻ የሚመደበው ከመጀመሪያው ድርሻ ነው።

አስተዳደርና ጥገና

በመናፈሻዎች ያለውን መጫወቻ የሚያስተዳድረው የከተማ አስተዳደሩ ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ ያለው ክፍት ቦታ ግን በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች የጋራ ሀብት በመሆኑ ጥገናው የማኅበራቸው ድርሻ ነው። የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ የተበላ ሰንሰለት መቀየርና አሸዋ መሙላት የማኅበሩ የዕለት ተዕለት ሥራዎች ናቸው።

በሌሎች ከተሞች

በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ፣ በሐዋሳም የሐይቁ ዳር መናፈሻዎች ለቤተሰብ መዝናኛነት ያገለግላሉ። በሁለቱም ከተሞች የውሃው ቅርበት ከመሣሪያው በፊት ሊታሰብበት የሚገባ የደህንነት ጉዳይ ነው።